ቍጥሩ ሲቀንስ ምን ቀነሰ? የሥራ አጦች ቆጠራ ታሪክ

መንግሥታት የአገራቸውን ኑሮ መሻሻል ለሕዝባቸው ሲያበሥሩ ከሁሉ አስቀድመው ከሚያቆሟቸው ምስክሮች አንዱ የሥራ አጦች ቍጥር መቀነስ ነው። አምና ከመቶው ሠራተኛ ይህን ያህሉ ሥራ አጥቶ ነበር፤ ዘንድሮ ግን ይህን ያህል ብቻ ቀረ፤ እንግዲህ አገሩ ወደ ፊት ተራምዷል የሚለው ቃል በጋዜጣም፣ በሬዲዮም፣ በምክር ቤት አዳራሽም ሲደጋገም የሚሰማው ሰው ቍጥሩን የሰው እጅ ያልነካው፣ ከነገሩ ባሕርይ በቀጥታ የፈለቀ እውነት አድርጎ ይቀበለዋል። ነገር ግን የተወለደውንና የሞተውን ለመቍጠር ማየት ሲበቃ፣ ሥራ አጡን ለመቍጠር ግን የሰውን ፈቃድ፣ ሐሳብና ተስፋ መርምሮ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ የሚጠየቀውንም ጥያቄ የሚያረቅቀው ሰው ነው፤ መልሱንም እዚህ ወይም እዚያ የሚመድበው ሰው ነው። ስለዚህ ይህ ቍጥር ከአንድ መቶ ሃምሳ ዓመት ያልራቀ ዕድሜ ያለው፣ በክርክር መካከል የተወለደ፣ ወሰኑም በየዘመኑ ሲገፋና ሲመለስ የኖረ የሰው ተግባር ነው። የዚህንም ተግባር የክርክር መዝገብ ከማንም አገር ይልቅ አሟልታ ያቆየችው አሜሪካ ስለ ሆነች፣ ነገሩን ከሥሩ ለማየት የሚወድ ሰው የእርሷን ታሪክ ቢከተል ይበጀዋል። ዓመታቱን ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር እጠቅሳለሁ።

ታሪኩን ከመጀመሬ በፊት ግን በጠቅላላው የሚታየውን አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር። የሥራ አጦች ቍጥር በሦስት መንገድ ይቀንሳል፤ ይኸውም ሥራ ያልነበረው ሰው ሥራ ሲያገኝ፣ ሥራ የሌለው ሰው ተስፋ ቈርጦ መፈለጉን ሲተው፣ ወይም ቈጣሪው ሥራ አጥ የሚባለው ማን እንደ ሆነ የሚወስንበትን ወሰን ሲያንቀሳቅስ ነው። ሦስቱም በወረቀት ላይ አንድ ዓይነት ፍሬ ይሰጣሉ፤ በሰው ቤት ውስጥ ግን የመጀመሪያው እንጀራ ሲሆን ሁለተኛው ኀዘን ነው፤ ሦስተኛውም ምንም አይደለም።

በቀደመው ዘመን ሥራ የሚያጣ ሰው አልነበረም ማለት አይደለም። በመኸርና በዘር መካከል እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥ ገበሬ፣ ገበያ ሲቀዘቅዝ መዶሻውን የሚያስቀምጥ ቀጥቃጭ፣ በየደጀ ሰላሙ ምጽዋት የሚለምን ነዳይ በየአገሩ ነበረ። ሆኖም መሬት ያለው ሰው ሥራው ቢሳሳበትም ከነአካቴው አይጠፋበትም፤ ዘመድ ያለውም ሰው ችግሩ በዘመዶቹ ማዕድ ላይ ተበታትኖ ይሸሸግለታል። ሥራ ማጣት ራሱን የቻለ፣ ስም ያለው የማኅበር ደዌ ሆኖ የታየው የሰው እንጀራ በሙሉ ሌላ ሰው በሚከፍለው ደመወዝ ላይ ከተንጠለጠለ በኋላ ነው። በአሜሪካ ይህ ሁኔታ ገሃድ የወጣው በመስከረም 1873 የጄይ ኩክ ባንክ ወድቆ የባቡር ሐዲድ ሥራ በቆመ ጊዜ፣ የብረት ማቅለጫዎችና የሽመና ፋብሪካዎች በተከታታይ በተዘጉና የዕለት ደመወዝተኛው በየከተማው ጎዳና ላይ በፈሰሰ ጊዜ ነበር። መከራውን ዓይን ያየው ነበር፤ ልኩን የሚያውቅ ግን አንድ ስንኳ አልነበረም።

በዚያን ጊዜ ከአሜሪካ ግዛቶች ሁሉ ቀድማ በ1869 የሥራ ስታቲስቲክስ ቢሮ ያቋቋመችው ማሳቹሴትስ ነበረች፤ ከ1873 ጀምሮም ቢሮውን የሚመራው ካሮል ራይት የሚባል ትጉህ ሰው ነበር። በ1878 በየስብሰባው የሚነገረው ቃል በማሳቹሴትስ ብቻ ከ200,000 እስከ 300,000፣ በመላው አሜሪካ ደግሞ 3 ሚሊዮን ሰው ሥራ አጥቷል የሚል ነበር። ራይት ይህ አነጋገር መሠረት የሌለውና ሕዝቡን የሚያስደነግጥ እንደ ሆነ ስላመነ፣ ለየከተማው የግብር ገማቾችና የፖሊስ ሹማምንት ደብዳቤ ጽፎ በየአካባቢያቸው ያለውን ሥራ አጥ ቈጥረው እንዲልኩለት ጠየቀ፤ ሲጠይቅም የሚቈጠረው ዕድሜው ከ18 ዓመት በላይ የሆነ፣ አካሉ ጤናማ የሆነና ሥራን በእርግጥ የሚሻ ወንድ ብቻ እንዲሆን አዘዘ። ተደምሮ የመጣለትም ቍጥር ከ28,000 ጥቂት የሚበልጥ፣ ማለት በሕዝብ አፍ ከነበረው አንድ አሥረኛ ገደማ ብቻ ሆነ።

ራይት ሐሰተኛ አልነበረም፤ ከእርሱ በፊት የተነገረውም ቍጥር አንድም ሰው ሳይቈጠር በግምት የተነገረ ነበር። ነገር ግን የቆጠራውን ቃል አጥብቆ የሚመረምር ሰው፣ በሎዌል ወይም በፎል ሪቨር የሽመና መኪና ፊት ከትልልቆቹ ጋር እኩል ቆሞ የኖረው የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሥራው ቢቀርበት በዚህ መዝገብ እንደማይገባ ያያል፤ በረኃብና በሕመም የደከመው ሠራተኛም እንደማይገባ ያያል፤ ከሁሉም በላይ ድኻው ሥራን በእርግጥ መሻት አለመሻቱን የሚፈርደው ራሱ ድኻው ሳይሆን የግብር ገማቹ እንደ ነበረ ያያል። እንግዲህ በአሜሪካ የመጀመሪያው የሥራ አጥ ቆጠራ የተወለደው በዝቶ የታየን ቍጥር ለማሳነስ ነበርና፣ የሰውን ፈቃድ የመመርመሩ ሥልጣን በማን እጅ ይሁን የሚለው ጥያቄ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከቆጠራው ተለይቶ አያውቅም። ራይትም በ1885 የፌዴራሉ መንግሥት የሥራ ቢሮ የመጀመሪያ ኮሚሽነር ሆኖ ልማዱን ወደ ዋሽንግተን ይዞት ሄደ።

ከዚያ በኋላ ለሃምሳ ዓመት ያህል ነገሩ በየዐሥር ዓመቱ የሕዝብ ቆጠራ ውስጥ አንዳንድ ጥያቄ ከመጨመር እምብዛም ሳያልፍ ቆየ። በ1929 መከር የኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ ሲፈርስና ፋብሪካዎች ሲዘጉ ግን የአሜሪካ መንግሥት ስንት ዜጋው ሥራ እንዳጣ የሚነግረው ወርኃዊ ቍጥር በእጁ አልነበረውም። ፕሬዚዳንት ሁቨር በጥር 1930 ሥራ ማንሠራራት ጀምሯል ብለው ሲናገሩ፣ በዚያን ጊዜ የኒው ዮርክ ግዛት የኢንዱስትሪ ኮሚሽነር የነበሩት ፍራንሲስ ፐርኪንስ የፌዴራሉን የሥራ ስታቲስቲክስ ቢሮ ቍጥርና የራሳቸውን ግዛት መዝገብ አገላብጠው አይተው፣ እውነቱ የዚህ ተቃራኒ መሆኑን ለጋዜጠኞች ገልጠው ተናገሩ። ፐርኪንስ በኋላ በፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ዘመን የሥራ ሚኒስትር ሆነው በአሜሪካ ታሪክ የመጀመሪያዪቱ ሴት ሚኒስትር ሊሆኑ በቁ።

በዚያው በ1930 በሚያዝያ የተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ክርክሩን ይፈታዋል ተብሎ ተስፋ ተጥሎበት ነበር። ውጤቱ በወጣ ጊዜ ግን ሥራ የለውም፣ መሥራት ይችላል፣ ይፈልጋልም ተብሎ የተመደበው 2.4 ሚሊዮን ያህል ሰው ብቻ ሲሆን፣ የፋብሪካው በር ተዘግቶበት ያለ ደመወዝ በቤቱ የተቀመጠውና ጌታው ይጠራኛል ብሎ የሚጠባበቀው ከ750,000 የሚበልጠው ሠራተኛ ደግሞ በሌላ ክፍል ተጽፎ ከዋናው ቍጥር ውጭ እንዲቀር ተደረገ። የዚህ ቆጠራ ኀላፊ ሆኖ የተሾመው ቻርልስ ፐርሰንስ የሚባለው የኢኮኖሚ ሊቅ አመዳደቡን ስላልተቀበለው ሥራውን ለቀቀ። በ1932 ደግሞ የሥራ ስታቲስቲክስ ቢሮ ኮሚሽነር ሆኖ ከ1920 ጀምሮ ያገለገለው ኤተልበርት ስቱዋርት፣ የሥራ ሚኒስትሩ ሥራ ጨመረ ብሎ የሰጠውን መግለጫ ባለመደገፉ ምክንያት በጡረታ ስም እንዲሰናበት ሆነ። እነዚህ ሁለት ሰዎች በሕዝብ ዘንድ ስማቸው ብዙም አይታወስም፤ ነገር ግን ለአንድ ቍጥር እውነት ሲሉ እንጀራቸውን የተዉ ስለ ሆኑ መታሰቢያቸው ሊጠፋ አይገባም።

የመከራው ዘመን እየረዘመ ሲሄድ ጉዳዩ በግምት ሊያልፍ እንዳልቻለ ስለ ታየ፣ በኅዳር 1937 የአሜሪካ ፖስታ ቤት በየቤቱ ሁሉ ካርድ አደለ፤ ሥራ ያጣ ሰው ሞልቶ ያለ ቴምብር እንዲመልሰው ተጠየቀ። የዚህ ምዝገባ አለቃ አንድ የመስታወት ፋብሪካ ኩባንያ ይመራ የነበረው ጆን ቢገርስ ነበር። ሞልቶ የመለሰው ሰው 7.8 ሚሊዮን ያህል ሆነ። ነገር ግን ሞሪስ ሃንሰን የሚባለው የስታቲስቲክስ ሊቅና ባልደረቦቹ ከመቶ የፖስታ መንገድ ሁለት ያህሉን ብቻ በዕጣ መርጠው፣ ቤት ለቤት እየዞሩ ሰውን ሁሉ አፍ ለአፍ አስጠይቀው ባመዛዘኑት ጊዜ እውነተኛው ቍጥር ወደ 11 ሚሊዮን እንደሚጠጋ ተረዱ። ራሱን በፈቃዱ የሚያስመዘግብ ሰው ከሁሉም ሰው ያነሰ መሆኑ፣ ጥቂትን በጥንቃቄ መጠየቅም ሁሉን በግድየለሽነት ከመመዝገብ የበለጠ እውነትን እንደሚያስገኝ ከዚህ ታወቀ። በ1940 ወርኃዊው የናሙና ቅኝት በዚሁ ትምህርት ላይ ተመሥርቶ ተጀመረ፤ በ1942ም ለሕዝብ ቆጠራ ቢሮ ተሰጠ፤ እስከ ዛሬም ድረስ የአሜሪካ የሥራ አጥ ቍጥር ከዚያ ይቀዳል።

የቆጠራው ዘዴ ከተስተካከለ በኋላ ግን የወሰኑ ጥያቄ ይበልጥ ገነነ። በሩዝቬልት ዘመን መንግሥቱ ሚሊዮን ሥራ አጦችን መንገድ በማሠራት፣ ዛፍ በማስተከል፣ ድልድይና ትምህርት ቤት በማሳነጽ ደመወዝ ይከፍላቸው ነበር። እነዚህ ሰዎች ሠራተኞች ናቸው ወይስ ሥራ አጦች? ስታንሊ ሌበርጎት የሚባለው የታሪክ ጸሐፊ የዚያን ዘመን ቍጥር ሲያዘጋጅ የጊዜውን ልማድ ተከትሎ ከሥራ አጦች ወገን ጻፋቸው፤ በዚህም አቈጣጠር በ1936 ከመቶ ሠራተኛ 16.9፣ በ1938 ደግሞ 19 ሥራ አጥ ነበር። ማይክል ዳርቢ የሚባለው የኢኮኖሚ ሊቅ በ1976 ባወጣው ጽሑፍ ደግሞ ደመወዝ የሚቀበል ሰው ሠራተኛ ነው ብሎ ቢጽፋቸው ቍጥሩ በ1936 ወደ 9.9፣ በ1938 ወደ 12.5 ወረደ። ከአርባ ዓመት በኋላ አንድ ሰው በብዕሩ ወሰኑን ስላዛወረ ብቻ ሚሊዮን ሙታንና ሕያዋን ከአንድ ዓምድ ወደ ሌላው ተሻገሩ፤ በዚያ ዘመን የበሉት እንጀራ ግን አልጨመረም፣ አልጐደለምም። ሁለቱም ሊቃውንት ርቱዕ ሐሳብ ነበራቸው፤ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ይዞ የዘመኑን ኑሮ አውቄአለሁ የሚል ሰው ግን ይሳሳታል።

በታሪክ ከተመዘገበው ሁሉ የሚያንሰው የአሜሪካ የሥራ አጥ ቍጥር በ1944 የተመዘገበው 1.2 ከመቶ ነው። በዚያ ዓመት ከ11 ሚሊዮን የሚበልጡ አሜሪካውያን በጦር ሠራዊት ውስጥ ነበሩ፤ የፋብሪካውም ፍሬ በብዛት ታንክ፣ አውሮፕላንና ቦምብ ነበር። ሥራ መኖሩ እውነት ነበር፤ ደመወዙም ብዙ ድኾች ቤተ ሰቦችን ከችግር አወጣ፤ ነገር ግን ቍጥሩ ብቻውን የሰላምን በረከት ከጦርነት ትጋት ለይቶ ሊናገር አይችልም።

ከዚህ የከፋው ምሳሌ በጀርመን ታየ። በ1933 መጀመሪያ 6 ሚሊዮን ያህል የተመዘገበ ሥራ አጥ የነበረበት አገር በ1937 ቍጥሩን ከአንድ ሚሊዮን በታች አወረደ፤ ይህም በዓለም ሁሉ እንደ ተአምር ተወራ። የመንገድና የጦር መሣሪያ ሥራ ብዙ ሰው መቅጠሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን አዲስ ለተጋቡ ሰዎች መንግሥት የሚያበድረው ገንዘብ ሚስቲቱ ሥራዋን እንድትተው በሚያስገድድ ውል ተሰጠ፤ አይሁድ ከመንግሥት ሥራና ከሙያቸው እየተባረሩ ከቆጠራው መዝገብም ወጡ፤ ወጣቱ በ1935 በወጣው ሕግ በግድ የሥራ አገልግሎትና በውትድርና ተወሰደ። ቍጥሩ የቀነሰው ከፊሉ ሥራ ስለ ተገኘ፣ ከፊሉ ደግሞ የሚቈጠረው ሰው ከሚቈጠሩት ማኅበር ስለ ተባረረ ነበር። ለዚህ ነው ቍጥር ሲቀንስ ስንት ሰው ሥራ አገኘ ብቻ ሳይሆን ማን ከመዝገብ ጠፋ ብሎም መጠየቅ ግዴታ የሚሆነው።

ዛሬ በብዙ አገሮች የሚሠራበት ትርጓሜ እንደሚለው፣ ሥራ አጥ የሚባለው በቅኝቱ ሳምንት ምንም ያልሠራ፣ ለመሥራት ዝግጁ የሆነና ባለፉት አራት ሳምንታት ሥራን በተግባር የፈለገ ሰው ነው፤ በሳምንቱ ውስጥ አንድ ሰዓት ብቻ በደመወዝ የሠራ ሰው ግን ሠራተኛ ይባላል። ነገሩን በወንጌል ከምናውቀው የወይን አትክልት ባለቤት ምሳሌ ጋር ማመዛዘን ይቻላል። ጌታው ሲወጣ በገበያው ቆመው ያገኛቸው ሰዎች የቀጠራቸው ስለሌለ ቆመው ነበርና፣ በዛሬው ሕግ በአደባባይ ቆመው ሥራ መጠባበቃቸው እንደ መፈለግ ተቈጥሮላቸው ሥራ አጦች ይባሉ ነበር። በዐሥራ አንደኛው ሰዓት ተጠርቶ አንዲት ሰዓት የሠራው፣ ከማለዳ ጀምሮ የቀኑን ትኵሳት ተሸክሞ ከሠራው ጋር በአንድ ዓምድ ሠራተኛ ተብሎ ይጻፍ ነበር። በዘጠኝ ሰዓት ማንም አይቀጥረኝም ብሎ ወደ ቤቱ የተመለሰ ሰው ቢኖርስ? እርሱ ከሠራተኛውም ከሥራ አጡም ወገን ሳይገባ ከቍጥር ውጭ በቀረ ነበር። በወንጌል የሁሉ ዋጋ የተስተካከለው በባለቤቱ ቸርነት ነው፤ በቆጠራ ግን የሁሉ ስም የሚስተካከለው በትርጓሜ ብቻ ስለ ሆነ፣ የአንድ ሰዓቱ ሠራተኛ የሙሉ ቀን እንጀራ እንዳገኘ አድርጎ ማሰብ ስሕተት ነው።

ይህን ትርጓሜ አሜሪካ ያጸናችው ከብዙ ሙግት በኋላ ነው። በ1961 በአንድ ታላቅ መጽሔት የሥራ ስታቲስቲክስ ቢሮ ቍጥሩን ያጋንናል የሚል ክስ ስለ ተነሣ፣ ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በሮበርት ጎርደን የሚመራ የሊቃውንት ጉባኤ አቋቋሙ። ጉባኤው በ1962 ባቀረበው ዘገባ ክሱን ውድቅ አድርጎ የቢሮውን ቅንነት መሰከረ፤ ነገር ግን ትርጓሜው እንዲጠራ መከረ። በምክሩም መሠረት ከ1967 ጀምሮ የሚጠየቀው ዕድሜ ከ14 ወደ 16 ዓመት ከፍ አለ፤ ባለፉት አራት ሳምንታት ሥራ ያልፈለገም ሰው፣ ሥራ የለም ብሎ ተስፋ በመቍረጡም ቢሆን፣ ከሥራ አጦች ዓምድ ወጥቶ ለብቻው እንዲቈጠር ተደረገ። ለዚህ ውሳኔ በቂ ምክንያት ነበረው፤ መፈለግን በተግባር መመስከር ይቻላል፤ የልብን ምኞት ግን ለመመስከር ያስቸግራል። ሆኖም ከዚህ የተነሣ እንግዳ ነገር ተከተለ፤ ሥራ ሲጠፋና ተስፋ ሲቈረጥ ቍጥሩ ሊወርድ፣ ሥራ ሲገኝና ተስፋ የቈረጡት ወደ ፍለጋ ሲመለሱ ደግሞ ቍጥሩ ሊወጣ ይችላል። መውጣቱ የምሥራች፣ መውረዱ የመርዶ ምልክት የሚሆንበት ጊዜ አለና።

የቈጣሪው ድፍረት ደግሞ በ1971 ተፈተነ። ሃሮልድ ጎልድስታይን የሚባለው የቢሮው ባለሥልጣን በየወሩ ለጋዜጠኞች መግለጫ ሲሰጥ፣ ፖለቲከኞች ታላቅ ድል ያሉትን የቍጥር መውረድ ከነልኩ እየተናገረ አስቸገራቸው፤ በዚህም ምክንያት የጋዜጠኞቹ ስብሰባ በመጋቢት እንዲቆም ተደረገ። በሰኔ ወር ቍጥሩ ከ6.2 ወደ 5.6 ሲወርድም የመውረዱ ከፊል ምክንያት የወቅቱ ስሌትና የቅኝቱ ሳምንት ቀን እንጂ የሥራ መጨመር ብቻ እንዳልሆነ ተገለጠ። ፕሬዚዳንት ኒክሰን በዚህ ተቈጥተው በቢሮው ውስጥ ያሉት አይሁድ ስንት እንደ ሆኑ እንዲቈጠር አዘዙ፤ ጎልድስታይንም ከቦታው ተነሣ። ሥራ አጡን በቅንነት የቈጠረው ሰው ራሱ በዘሩ ተቈጠረ፤ ይህ በዚያች አገር መዝገብ ላይ የቀረ ነውር ነው። ነገር ግን ሴናተር ፕሮክስማየር የቢሮውን ሰዎች በየወሩ ወደ ምክር ቤቱ የኢኮኖሚ ኮሚቴ እየጠሩ በአደባባይ ማስመስከር ስለ ጀመሩ፣ የተዘጋው በር በሌላ በኩል ተከፈተ።

ወደ ዘመናችን የቀረበውም ታሪክ ይህንኑ ያጸናል። ከታላቁ የባንኮች ቀውስ በኋላ በጥቅምት 2009 የአሜሪካ የሥራ አጥ ቍጥር 10 ከመቶ ደርሶ፣ በታኅሣሥ 2013 ወደ 6.7 ወረደ። መውረዱን ብቻ ያየ ሰው ከሦስት ሥራ አጦች አንዱ ሥራ አገኘ ሊል ይችላል፤ ነገር ግን ከጐልማሳው ሕዝብ ሥራ ላይ ያለው በሁለቱም ጊዜ ከመቶ 58 ተኩል ገደማ ነበር። ልዩነቱ የተገኘው ሥራ ከሚሠራውና ከሚፈልገው ማኅበር ብዙ ሰው ስለ ወጣ ነው፤ ከፊሉ አርጅቶ ጡረታ የገባ፣ ከፊሉ ወደ ትምህርት የተመለሰ፣ ከፊሉ ተስፋ የቈረጠ ነበር። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ግን ሥራ ላይ ያለው ሰው በእርግጥ እየበዛ ሄዶ በየካቲት 2020 ከመቶ 61 ደረሰ፤ የሥራ አጡም ቍጥር 3.5 ብቻ ሆነ። የመጀመሪያው መውረድ ከፊሉ ጥላ ሲሆን የሁለተኛው አካል ነበረው፤ የዓለም ጋዜጦች ግን ሁለቱንም በአንድ ዓይነት ርእስ አትመዋቸዋል። በሚያዝያ 2020 ወረርሽኙ ሥራን ሁሉ በዘጋ ጊዜም ቢሮው ቍጥሩን 14.7 ብሎ ሲያወጣ፣ በአመዘጋገብ ስሕተት ብዙ ሰው ከሥራው ለጊዜው እንደ ተለየ ሠራተኛ ሆኖ ስለ ተጻፈ እውነተኛው ቍጥር እስከ አምስት ነጥብ ሊበልጥ እንደሚችል በዚያው ገጽ ላይ ራሱ ተናገረ። የራሱን ቍጥር ጕድለት በራሱ አንደበት የሚመሰክር ቢሮ ለአንድ አገር ታላቅ ሀብት ነው።

ይህ ታሪክ ለእኛም ባዕድ አይደለም። በአሜሪካ የተፈተነው ትርጓሜ በጄኔቭ የዓለም የሥራ ድርጅት በ1954 እና በ1982 በጠራቸው የስታቲስቲክስ ሊቃውንት ጉባኤዎች በኩል ወደ ዓለም ሁሉ ሲደርስ፣ ወደ ኢትዮጵያም ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ደርሷል፤ ኤጀንሲውም የ1982ቱ ጉባኤ በፈቀደው መሠረት ሥራን በተግባር የመፈለጉን ግዴታ አላልቶ ይቈጥር ነበር። በ2013 በተደረገው አገር አቀፍ የሠራተኛ ኀይል ቅኝት የሥራ አጡ ቍጥር 4.5 ከመቶ፣ በከተማ 16.5፣ በገጠር ግን 2 ከመቶ ብቻ ሆኖ ተገኘ። በዚያ ዘመን በመላው አሜሪካ ከነበረው ቍጥር የሚያንሰው ይህ 4.5፣ የኢትዮጵያ ገበሬ ከአሜሪካ ሠራተኛ የተሻለ ኑሮ እንደሚኖር የሚያሳይ ነው የሚል ሰው አይገኝም። በገጠር ሥራ አጥ የማይበዛው ሥራ አጥ ሆኖ ለመቀመጥ አቅም ያለው ሰው ስለሌለ ነው። ድጐማ የማይከፈለው፣ ጥሪት የሌለው ሰው ጠባቧን ማሳ ከወንድሞቹ ጋር ተሻምቶም ቢሆን ያርሳል፤ እንጨት ለቅሞም ቢሆን ይሸጣል፤ በመዝገብም ሠራተኛ ተብሎ ይጻፋል። ችግሩ ያለው ከሥራ መጥፋት ይልቅ ከሥራው ፍሬ ማነስ ላይ ነውና፣ ሥራ አጡን ብቻ የሚቈጥር መዝገብ የድኻ አገርን ድኽነት ሳያየው ያልፋል። ይህን የተረዳው የ2013ቱ የጄኔቭ ጉባኤ ለራሱ ቀለብ ብቻ የሚያርሰውን ሰው ከተቀጣሪ ሠራተኛ ለይቶ እንዲጻፍ ወስኗል። ይህ ውሳኔ በሥራ ላይ በዋለበት አገር ሁሉ የገበሬው ኑሮ በአንዳች ሳይለወጥ ቍጥሩ ሊለወጥ ይችላልና፣ የቀደመውን ዓመት ከኋለኛው ጋር የሚያመዛዝን ጸሐፊ ሁሉ አስቀድሞ ወሰኑ ባለበት መኖሩን መመርመር ይገባዋል።

ከዚህ ሁሉ የተነሣ የሥራ አጥ ቍጥር ከንቱ ነው የሚል ፍርድ መስጠት ትክክል አይሆንም። በአሜሪካ ከ1961 እስከ 1969 ቍጥሩ ከ6.7 ወደ 3.5 የወረደው ሥራ በእርግጥ ስለ በዛ ነው፤ ቍጥሩም ባይኖር ኖሮ በ1930 እንደሆነው ሁሉ መንግሥት በጨለማ ውስጥ ቆሞ ብርሃን ነው ሊል ይችል ነበር። ቍጥሩ ምስክር ነው፤ ነገር ግን በሕግም ሆነ በመጽሐፍ ነገር የሚጸናው በሁለት ወይም በሦስት ምስክር ነውና፣ ብቻውን ቆሞ ሊፈረድበት አይገባም። ቀነሰ የተባለ ጊዜ ከጐልማሳው ሕዝብ ስንቱ ሥራ ላይ እንዳለ፣ የሚሠራው በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሚሠራ፣ የሚያገኘው ደመወዝም ጤፍና ቤት ኪራይ ከሚጠይቁት ዋጋ ጋር ሲመዛዘን ጨምሮ ወይም ጐድሎ እንደ ሆነ አብሮ ይጠየቅ። እነዚህ ሦስቱ ከእርሱ ጋር ወደ አንድ ወገን ሲሄዱ የኢኮኖሚው መሻሻል የታመነ ነው፤ በተለያየ ወገን ሲሄዱ ግን የሚታመነው የሥራ አጡ ቍጥር ሳይሆን የሠራተኛው ማዕድ ነው።

ከዚያም በላይ የሚያስፈልገው የቈጣሪው ነጻነት ነው። ፐርሰንስ ሥራውን የተወው፣ ስቱዋርት የተሰናበተው፣ ጎልድስታይን ከቦታው የተነሣው ሁሉም በአንድ ምክንያት ነው፤ ሹማምንት ቀነሰ ብለው ሊያከብሩት በወደዱት ቍጥር ውስጥ ምን እንዳለ ለሕዝብ በግልጥ ስለ ተናገሩ። የአንድ አገር ሕዝብ ስለ ራሱ ኑሮ እውነትን ሊያውቅ የሚችለው፣ ቍጥሩ ደስ የሚያሰኝ ሲሆንም የሚያሳዝን ሲሆንም በአንድ ዓይነት ቃል የሚያወጣው፣ ወሰኑንም ባንቀሳቀሰ ጊዜ አንቀሳቅሻለሁ ብሎ የሚናገር ቢሮ ሲኖረው ነው። በሕግ የተጠበቀ፣ በበቂ በጀት የተደገፈ፣ ባለሙያዎቹም ስለ እውነት ሲናገሩ እንጀራቸው የማይጓደልባቸው እንዲህ ያለ ቢሮ ማቋቋምና ማክበር፣ ከማናቸውም የፋብሪካ ምረቃ የማያንስ የመንግሥት ተግባር ነው።